የሉዶቪካ በርሜሎች

ለቀድሞዋ ሚዜዬ፦

እንደምን ከረምሽ? የሪሚኒ ባሕርና ፀሐይ ተስማማሽ? ባልሽ ኤርመስ ጉልበቱን ተሻለው? ከእኔ ጋር ሳለ እርጥበት አይወድም ነበር፤ አንቺ ግን በየዓመቱ ወስደሽ ውሃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ አሉ። ትንሿ ልጅሽ ጂኔቭራ መዋኘት መልመዷን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ይህን እንኳ ከልቤ ነው የምልሽ፤ ልጅ ምን አጠፋ። እኔና ልጄ ሉዶቪካ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህ ደብዳቤ ከእረፍት ስትመለሺ በር ሥር ወድቆ ይጠብቅሻል ብዬ አስባለሁ። ሻንጣሽን ከመፍታትሽና ጣሪያ ሥር ወዳለው ክፍል ከመውጣትሽ በፊት ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሉዶቪካ ልታገባ ነው። እጮኛዋ ጃኮፖ የካስቴልቬትሮ ልጅ ስለሆነ ከእንግዲህ በባዕድ አገር የምንኖርባትን ባዝልን ትታ እዚያው ኮረብታው ላይ ልትኖር ነው። ስለዚህ ለፍልሰታ በዓል እረፍት ወስደን፣ ወዳጆቻችንን ለሠርጉ ልንጠራ ወደ መንደራችን መጣን። ያረፍነው አርሚዳ ቤት ነው፤ ግድግዳሽ ግድግዳዋ ነው። እሷ ጋ ያረፍኩት አንቺን ለማናደድ ብዬ አይደለም። አንቺ ከቦሎኛ መጥተሽ ፀጉር ቤታችን ሳትቀጠሪ በፊት ጓደኛዬ የነበረችው እሷ ናት። ሚዜ የምትሆነኝም እሷ ነበረች፤ አንቺ ቀሚሱ ያምርብሻል ብዬ ተሳሳትኩ።

አርሚዳ በዚያ የነሐሴ ሙቀት የሚንተከተክ ሾርባ ሥጋ ከተሞላው ሊጥ፣ ከነቶርቴሊኒው አቀረበችልን። ሉዶቪካ «በዚህ ሙቀት?» ብትላት፣ «ቶርቴሊኒ ወቅት የለውም፤ ሙቀቱ ነው ሳይጠራ የመጣው፣ በይ ብዪ» አለቻት። ቀጥሎ በአሳማ ስብ ተጠብሶ እንደ ትራስ የተነፋው ሊጥ መጣ፤ በስሱ የተቆረጠው የአሳማ ሥጋ መጣ። ባሏ ኦቶሪኖ ከገበያ የተገዛ ላምብሩስኮ ወይን እየቀዳ ይቅርታ ይጠይቃል። አምና ራሱ የጠመቀው ሆምጥጦበት ምድር ቤቱን ሞልቶታል። አርሚዳም «ሰው ወይን ይጠምቃል፣ የእኔ ባል ለሰላጣ ይጠምቃል» ትለዋለች። እንዴት እንደሳቅን! ስንት ዓመት ሆኖኛል እንደዚያ ካልበላሁ፣ እንደዚያም ካልሳቅሁ።

በመጨረሻ ፓርሚጃኖው ፎርማጆ ተፈርክሶ ቀረበ። አርሚዳ ከቁም ሣጥኑ ትንሽ ጠርሙስ አወጣችና «ጎረቤቴ ለገና የሰጠችኝ አቼቶ ነው፤ እስካሁን አልከፈትኩትም» ብላ በየፎርማጆው ላይ ጠብ ጠብ አደረገችልን። ሉዶቪካ ጎረሰች፤ ማኘኳን አቆመች።

«የአያቴ ነው» አለች።

ልጄ ሕፃን ሳለች አባቴ ጣቱን እየነከረ ያልሳት ስለነበር አትሳሳትም። እኔም ቀመስኩት። መጀመሪያ የቼሪው እንጨት መዓዛ፣ ከዚያ ጎምዘዝ፣ ከዚያ አፍ ውስጥ የማይለቅ ጣፋጭ። ጠርሙሱን አዞርኩት። በአንቺ እጅ ጽሕፈት፣ በዚያ ጭራው በተቆለመመ፣ «ጂኔቭራ» ይላል።

የቦሎኛ ልጅ ናት፣ አታውቅም እንዳልል እዚህ ስትኖሪ ዘመን ቆጥረሻል። ቢሆንም ልንገርሽ። ሉዶቪካ የተወለደች ሰሞን አባቴ ለአቼቶ የሚሆን የወይን ጭማቂ በትልቅ ድስት አፍልቶ፣ ከትልቁ በርሜል እስከ ትንሿ ሞልቶ፣ ስሟን በጋለ ብረት እንጨቱ ላይ ተኮሰው። እዚህ ሴት ልጅ ስትወለድ የሚደረግላት ይኸው ነው፤ ስታገባ ይዛው ትገባለች። በየክረምቱ ትንሿ በርሜል በጎኗ ካለችው እየተቀዳ ትሞላለች፤ ያችም ከበላይዋ። ይህን ሁሉ አባቴ እስኪሞት ድረስ ደረጃ እየወጣ በገዛ እጁ አደረገው። እኔ ከዚያ ቤት ስወጣ አቼቶው መንገድ አይወድም፣ የባዝሉ የኪራይ ቤቴም ጣሪያ ሥር ክፍል የለውም ብዬ እዚያው ተውኩት። ኤርመስ አባቴ ፊት ቆሞ «ልጅቷ እስክትዳር አደራው በእኔ ነው» አለ።

ባሌን ስትወስጂ አልተከተልኩሽም። እሱ እግር አለው፤ ራሱ ነው የመጣልሽ። በርሜል ግን እግር የለውም።

የገረመኝ ቁልፉን ለአርሚዳ ሰጥተሽ መሄድሽ ነው። አቼቶ የነሐሴን ሙቀት ስለሚፈልግ ጠዋት ጠዋት የጣሪያውን መስኮቶች እንድትከፍትልሽ አዘሻታል። ከአባቴ ጋር ያንን ድስት ሲያማስል የዋለው ማን ነበር? ኦቶሪኖ አይደለም? ለመሆኑ ማንን ጎረቤት ብለሽ ነው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አንቺ አጥሩን ነቅንቀሽ ስታበቂ ቁልፉን ለባለቤቱ ወዳጅ ሰጠሽ።

በማግስቱ አርሚዳ መስኮት ልትከፍት ስትወጣ አብረን ወጣን። በርሜሎቹ አባቴ ባስቀመጣቸው ቦታ ተደርድረዋል። ስሙ የነበረበት ቦታ በመላጊያ ተልጎ እንጨቱ ገርጥቷል፤ በላዩም የጂኔቭራ ስም ተተኩሷል። ትንሿ በርሜል ላይ ብቻ መላጊያው ያልደረሰበት የአንዲት ፊደል ጭራ ቀርታለች። ሉዶቪካ ጣቷን እዚያች ላይ አሳረፈች። አላለቀሰችም። «እማዬ፣ እኔ ልጁ አልነበርኩም እንዴ?» ብቻ አለችኝ።

አልዋሽሽም፣ ያኔ ደሜ ፈላ። መጥረቢያ ፈለግኩ። የእሱን እጅ ወይስ የአንቺን እጅ እንደረገምኩ እንኳ አላስታውስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ልጄ ግን ያን ቀን ነው የተወጋችው፣ ዓይኔ እያየ። ኦቶሪኖ ትከሻዬን ይዞ «መጥረቢያ ለማገዶ ነው፤ በይ ውረጂ፣ ምሳ እንብላ» አለኝ። ወረድን፤ ምሳ በላን። ምሳው ላይ ብዙ ተነጋገርን።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ብጠየቅ የምለው ይህንን ብቻ ነው። አርሚዳ እንዳዘዝሻት በየጠዋቱ መስኮቶቹን ከፈተች። በርሜሎቹን ከቦታቸው ንቅንቅ አላደረግናቸውም። ኦቶሪኖ ለዚያ ለሆመጠጠው ወይኑ ቦታ አግኝቶለት ምድር ቤቱ ጸድቷል፤ የት እንዳደረሰው አልጠየቅሁትም። ወገቡን ግን አሞታል። አርሚዳ ቅባት እያሸችው «በዚህ ዕድሜህ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ፣ ጎረምሳ መሰልክ!» እያለች ትሰድበዋለች። ወደ ካስቴልቬትሮ ስንሄድ የሉዶቪካ መኪና መሬት ልትነካ ደርሳ ነበር። ጃኮፖ «ምን ጭነሽ ነው?» ቢላት «መጻሕፍት» አለችው። ልጄ ከትምህርት ቤት ወዲህ መጽሐፍ ገልጣ አታውቅም።

የጃኮፖ አያት ጣሪያ ሥር፣ ሴት ልጅ ትወለዳለች ተብሎ የተገዙ በርሜሎች አሉ። ወንድ በወንድ ላይ ስትወልድ ባዶ ቀርተው ነበር። አሮጊቷ ውሃ እየሞላች ስታረጥባቸው ሰነበተች። በጋለ ብረት የሚጽፍ ሰውም አስጠርታለች።

ለፖሊስ እናገራለሁ ብትዪ ተናገሪ። መጥተው በርሜሉን ያንኳኩታል፤ ሙሉ ነው። ስሙን ያነቡታል፤ የልጅሽ ነው። ታዲያ ምን ጎደለሽ ሲሉሽ ምን ልትያቸው ነው? የሉዶቪካ ነበር ልትዪ ነው?

አንቺን ለሠርጉ አልጠራሁሽም። ኤርመስ ግን አባት ነው፤ ሙሽራዋን ክንዷን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያስገባታል። እሷ ናት ይምጣ ያለችው፤ እኔ ብሆን በሩ ላይ አስቀረው ነበር። ገበታው ላይ ፎርማጆ ይቀርባል፣ ፎርማጆው ላይ ጠብ ይደረግለታል። ያውቀዋል። እኔም ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ሲውጠው አየዋለሁ። ይህችን ቀን በምንም አልለውጣትም።

ጂኔቭራ ግን ምንም አላደረገችኝም። ስለእሷ ብላ አርሚዳ በየበርሜሉ እርሾውን አስቀርታላታለች፤ ያለ እርሾ ሆምጣጣ ወይን የትም አይደርስም። አሁን ያለው የእሷ ነው፤ ከማንም አልተቀማም። በየክረምቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየቀዳሽ ሙዪላት፣ በየነሐሴው መስኮቱን ክፈችላት። ቀምሼ ልይ ብለሽ አትቸኩዪ፤ ለብዙ ዓመት ጉሮሮ የሚቧጥጥ ነገር ነው። አፍ ላይ የሚቀመጥ አቼቶ ለመሆን አንድ ሩብ ምዕተ ዓመት ይፈልጋል፤ የአባቴም የፈጀው ያንን ነው።

እግዚአብሔር ጤናና ትዕግሥት ይስጥሽ። ዕድሜሽንም ያርዝመው፤ ያስፈልግሻል።

የሉዶቪካ እናት