ጳጉሜን የማያውቅ ማሽንና የአባባ መዝገብ

ይድረስ ቤይሩት ላይ የሰው ምንጣፍ ስታራግፊ ለምትውዪው ለታላቅ እኅቴ ለእትዬ እጅጋየሁ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ አሁንም አምስት ፎቅ ነው ወይስ እግዜር አይቶልሽ ሊፍቱ ተሠራ? እንቅልፍሽስ? ሆድሽስ? በስልክ በሳቅሽ ቁጥር የምታስነጥስሽ ነገርስ ለቀቀችሽ? እኛ ደኅና ነን ብሎ መጻፍ ደንብ ስለሆነ ደኅና ነን። አባባ ይበላል፣ ይተኛል፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ዶሮዋ እንቁላል ማቆሟንና እኔን የምታገባ አለመገኘቷን ከተውሽው ሌላው በነበረበት ነው። ደኅና ያልሆነውን ከታች ታገኚዋለሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

በወረቀት መጻፌ አይግረምሽ። ኔቱ እንደ ቀበሌ ሊቀ መንበር ሆኗል፤ ሲፈልግ ለአንድ ሰዓት ብቅ ይላል፣ ሲፈልግ ሳምንት ይጠፋል። የጎረቤታችን ልጅ ሶሊያና ወደ አንቺ አገር ልትበር ስለሆነ ቦርሳዋ ውስጥ እከተዋለሁ። እንዳታነበው አስምያታለሁ፤ ታነበዋለች። ሶሊያና፣ እዚህ ስትደርሺ አንቺንም ሰላም ብያለሁ፤ አሁን እጠፊና መልሺው።

እትዬ፣ ላፕቶፑን የላክሽ ጊዜ ያልሽው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ የአባባ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ይውጣ፣ እሱም በዓይኑ ይየው አልሽ። እኔም እሺ አልኩ። መቼም ከአሥረኛ ክፍል የተባረረ ሰው እሺ ከማለት ሌላ ምን ሥራ አለው። ጽሑፉ ምን ያህል እንደሆነ ግን አንቺም የምታውቂ አይመስለኝም። አባባ ሠላሳ ስምንት ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ሆኖ ሰፈራችን የቀበረውን ሁሉ ጽፏል፤ የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ ያረፈበትን ቀን፣ ከሥሩም ስለ ሰውየው ሁለት ሦስት መስመር። ሃያ አራት ደብተር፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ስለ አንዱ «ፈረስ ይፈራ ነበር፤ ሰው ግን አልፈራም» ይላል። ስለ አንዷ ደግሞ «ጎረቤቷን አሥራ አንድ ዓመት አኩርፋ፣ ጎረቤቷ ስትሞት ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰች» ይላል። ተዝካር የሚያወጣ፣ ሙት ዓመት የሚያስብ ሁሉ ቀኑንና የክርስትና ስሙን ፍለጋ እኛ ደጅ ይመጣል። ራሱ አይዝም፤ አያ ነጋ ዘንድ አለ ብሎ በአባባ ተማምኖ ተኝቷል።

የደብተሮቹ ሣጥን ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር መሆኑን ግን ማንም አላሰበበትም። አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ክረምት ሐምሌን ሙሉ ሲንጠባጠብ ከርሞ፣ ከሥር የነበሩት አሥራ አንድ አሮጌ ደብተሮች ተጣብቀው ድፎ ዳቦ መሰሉ። ቀለማቸው ፈሶ ሰማያዊ ውኃ ሆነ። ስለዚህ ካቻምና የጠፋውን አባባ ከራሱ እያወጣ ሲነግረኝ እኔ ላፕቶፑ ላይ ጻፍኩ። ዓይኑን ጨፍኖ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ይጠራል። ጠባዬን ታውቂ የለ፣ ደኅና ከቀሩት ደብተሮች እየመረጥኩ ሆን ብዬ አሳስተው ነበር፤ አንድም ቀን አልያዝኩትም። በከዘራው እየነካ፣ አንተ ቀጣፊ፣ ማክሰኞ ነው የቀበርነው ይለኛል። ያ ካቻምና ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ፋይል ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ ያን ሁሉ አንብቦ ለእያንዳንዱ ገጽ የሚያበጅና ማውጫ የሚያወጣ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሐምዛ ስሙን ስታቲክ ሳይት ጄኔሬተር አለኝ። ሐምዛን ታስታውሽዋለሽ፤ የአዲስ ዓለሙ፣ ጆሮ ትልቁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ተምሮ ጨርሶ አሁን እንደ እኔ ሥራ ፈት ሆኗል፤ ልዩነታችን እሱ በዲግሪ ነው። ጄኔሬተር ሲለኝ መብራት ሲጠፋ የሚንደቀደቀው መስሎኝ፣ ናፍጣውን ማን ሊችለው ነው አልኩት። ለሦስት ቀን ሳቀብኝ።

ምርጫው ልክ በአንድ ወር ሦስት ቤት ለአንቺ ሽማግሌ እንደላከብን ጊዜ ሆነ፤ ሦስቱንም ትተሽ ቤይሩት ገባሽ እንጂ። አንደኛው ጀኪል ይባላል። ረጋ ያለ፣ ሰው የሚያውቀው፣ ጠባዩ ሸጋ ነው። ነገር ግን እሱ ከመግባቱ በፊት ሩቢ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ቤቱን አሙቆ እንዲጠብቀው ይፈልጋል። ገብቶም ቢሆን በዚህ ላፕቶፕ ሰዎቻችንን ሠርቶ ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ አንዲት ፊደል ባረምኩ ቁጥር ሃያ ደቂቃ። ሁለተኛው አስትሮ ነው። መልኩ ያምራል፤ ሚዜው ግን አያልቅም፤ ስንትና ስንት ቁራጭ ነገር ከኔት አውርዱልኝ ይላል። ኔት የሚገኘው ፒያሳ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ነበርና፣ አንድ ማኪያቶ ለሁለት ይዘን አራት ቀን ተመላለስን። ሊጨርስ ሲል ይቋረጣል። በአራተኛው ቀን አስተናጋጇ ወንበሩን ከሥራችን ልትወስድ ምንም አልቀራትም። ሦስተኛው ሁጎ። አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ በፍላሽ ተይዞ ኪስ ይገባል፤ ኔት አይለምንም፤ ሦስት ሺሁን ሰው በአምስት ሴኮንድ ይጨርሳል። የገጹን መልክ የምትነግሪበት ቋንቋው ግን የፍየል ገመድ ነው፤ አንዱን ስትፈቺ ሌላው ይቋጠራል። ሐምዛ ብዙ ጽሑፍ ላለውና ኔት ለሌለው ሰው ከሁጎ ሌላ የለም ብሎ ፈረደ፤ ልክ ነበር። ምርጫው ላይስ አልተሳሳትንም፣ እትዬ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሰኔ ላይ የሐምዛ አጎት ታሞ ሐምዛ ዛሪማ ወረደ፤ ስልኩም አይሠራ። ብቻዬን ሁጎን ባስነሳው ይቆማል። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ የሞቱትን አልቀበልም አለኝ፤ ወሩን በቁጥር ነው የጻፍኩት፣ ለካ የፈረንጅ ሁለተኛው ወር ያን ያህል ቀን የለውም። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውን ወረቀት ላይ ይዤ ለጊዜው ወደ ሃያ ስምንት ሳብኳቸው። ደግሞ ባስነሳው፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አላውቅም ብሎ ቆመ። ጳጉሜ የሞተ ሰው ሁጎ ዘንድ ገና በሕይወት አለ። ጀኪልንም ጠየቅሁት፤ እሱም ያው ነው። ያን ቀን አባባ አለቀ ወይ ብሎ አምስት ጊዜ ጠይቆኛል፤ በአምስተኛው ምኑ እንደሚያልቅ ረስቶት ነበር። ያ አስቸኮለኝ። ጳጉሜዎቹ ሃምሳ አንድ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ስም ጽፌ ሃምሳ አንድ መጻፍ ታከተኝ። በአንድ ትእዛዝ፣ ወሩ አሥራ ሦስት የሆነውን ሁሉ አሥራ ሁለት አድርገው አልኩት። አደረገው። ፍላሹ ሞልቶ ስለነበር የቀድሞውን ቅጂ አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩበት። ሁጎም በአምስት ሴኮንድ ጨረሰ። ግቢው መሐል እስክስታ ወረድኩ፤ ዶሮዋ ምስክሬ ናት።

አባባን አስቀምጬ ስክሪኑን አቀረብኩለት። ዓይኑ አልደርስ ስላለው አንብብልኝ አለኝ። የማንን ብለው፣ የእናትህን አለ። ገጿን ከፈትኩና አፌ ቀድሞኝ ነሐሴ ሁለት ብሎ አነበበ። እማዬ ጳጉሜ ሁለት ማረፏን አንቺም እኔም እንዴት እንረሳለን፤ ለዘመን መለወጫ የታሰረው ችቦ ሳይለኮስ ግድግዳ ተደግፎ የከረመበት ዓመት እኮ ነው። ቀና ብዬ አባባን አየሁት። በከዘራው እንዲለኝ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመኘሁ። እሱ ግን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ ነሐሴ ሁለት፣ ሸጋ፣ ነፍሷን ይማር አለ። ከዚያ ሌላም ሰው አንብብልኝ አለ።

ሐምዛ ሲመለስ ነገርኩት። ደደብ አላለኝም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ቀኑን ማሽኑ እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ቃል እንዲያየው አድርገህ ብትጽፈው ኖሮ፣ ጳጉሜም ብትል ምንም ብትል ዝም ብሎ ያልፈው ነበር አለኝ። አንድ መስመር ነበረች። ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን በሚነበቡት ደብተሮች የቻልነውን መለስን፤ ጥቅምቶቹንም ከወረቀቴ፣ እማዬንም ከልባችን። ከረጠቡት ደብተሮች ግን ነሐሴ ከአንድ እስከ ስድስት የሚሉ አርባ ስድስት ሰዎች ቀሩ። የትኛው የእውነት የነሐሴ፣ የትኛው እኔ ከጳጉሜ ያመጣሁት እንደሆነ የሚለይበት የለም። አባባን ጠየቅነው። ለሁሉም አዎ ይላል። ነሐሴ ነው ስንለው አዎ፣ ጳጉሜ ነው ስንለው አዎ፤ ደግሞ ደስ ብሎት ነው የሚለው።

ምነው ቤት ለቤት ዞረህ አትጠይቅም ትይኝ ይሆናል። የአብዛኞቹ ዘመድ አገር ለቋል፤ የቀረውም ቀኑን የሚያውቀው ከአባባ ሰምቶ ነው። ደግሞስ የምጠይቀው እኔ ነኝ እኮ። የእድሩን ጡሩምባ ሰርቄ ነፍቼ ሰፈሩን ሁሉ ነጠላ አስዘቅዝቄ ያስወጣሁት እኔ፣ የሙታን ቀን ጠፋብኝ ብል ማን ያምነኛል? የሚያምነኝ ቢገኝ ደግሞ አያ ነጋ ጃጅቷል ማለት ነው። እሱን ከአፌ አላወጣውም።

የባሰውን ለሐምዛም አልነገርኩትም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ ሴት ከአይከል መጡ። ሃያ ስምንት ዓመት ሱዳን ኖረው ጦርነቱ መልሷቸው ነው። ባላቸው እሳቸው ከሄዱ በኋላ እዚህ ሰፈር ሞተው እድሩ ነው የቀበራቸው። ሳልሞት ተዝካሩን ላውጣለት፣ ቀኑን ንገሩኝ አሉ። አባባ ፀሐይ ላይ ፈገግ ብሎ ያያቸዋል። ከፈትኩ፤ ነሐሴ አራት ይላል፤ ከአርባ ስድስቱ አንዱ ናቸው። አይታወቅም ማለት ነበረብኝ። ሴትዮዋ ግን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘውኝ ነበር። ነሐሴ አራት ነው እማማ፣ አልኳቸው። እኔ ስዋሽ ሁልጊዜ ከንፈሬ ይስቃል፤ ያን ቀን አልሳቀም።

ተዝካሩ በፍልሰታ ጾም ዋለ። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጠላውን ከተከራዩት ክፍል አሰናድተው አወጡ፤ እኔንም ከካህናቱ ቀጥለው አስቀመጡኝ። አጠገቤ አያ ላቀው ነበሩ፤ ያን ጊዜ መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ናቸው። እያኘኩ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ የዚህ ሰውዬ ለቅሶ ላይ እኮ የሥጋ ወጥ ይዘን ነበር የሄድነው አሉ። ፍልሰታ ላይ ሥጋ ማን ይዞ ይሄዳል፣ እትዬ። ጳጉሜ ነበረ። ወይዘሮ አልማዝ ማዶ ሆነው አንድ ነገር ከላያቸው እንደወረደላቸው ሰው ፊታቸው በርቷል። ደግሜ ጎረስኩ። እነሆ አንድ ሰው ታወቀ፤ አርባ አምስት ቀሩ። አያ ላቀውን ስለ ሌሎቹም ልጠይቃቸው ዛሬ ነገ ስል በኅዳር መጀመሪያ አረፉ፤ ቀኑን በትክክል ጽፌዋለሁ።

ዌብሳይቱ አልወጣም። ሁጎ ፍላሹ ውስጥ አለ፤ ቢታዘዝ አሁንም በአምስት ሴኮንድ ይጨርሳል። ግን የሚወጣው ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ የአባባ ስም አለበት። ሐምዛ ቀናቸው የጠፋውን አስቀርተን ሌላውን እናውጣ ይላል። እኔ ደግሞ ስማቸው የሌለውን ቤተሰቦቻቸው ሲፈልጉ አያለሁ። ቀኑን ባዶ እንተወው ስለው፣ ባዶውን ያየ ሁሉ አባባን ሊጠይቅ ይመጣል ይለኛል። ልክ ነው፤ ይመጣል። አባባም አዎ ይለዋል።

በይ እንግዲህ፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባባን በጣም ትናፍቂዋለሽ፤ ስምሽን ባይጠራም ያቺ ልጅ ጻፈች ወይ ይላል። ሐምዛ ሰላም ብሎሻል፤ ጆሮው ያው ነው። አብራችሁ ላለችው ለሽታዬ ሰላም በይልኝ፤ ጎንደር ስትመጣ ፋሲል ግቢን አሻሽጥላታለሁ ብያለሁ። የአሠሪሽን ትንሽ ልጅ ደግሞ አማርኛ ስድብ ያስተማርሽው በስልክ እኔን ሰላም እንዲልበት ስለሆነ ጉንጩን ሳሚልኝ።

ለሰፈራችን ልጅ ለፍሬም ሰላም በይልኝ። ገና ጡት ሳትተው የሞተው አባቷ ያረፈበትን ቀን እንድነግራት በአንቺ በኩል የላከችው ጥያቄ ደርሶኛል፤ እዚያ ሻማ ላበራለት ነው ማለቷንም ሰምቻለሁ። አየሁት። ከአርባ አምስቱ ነው። አባባ ከሥሩ «ልጁን ታቅፎ እድር ይመጣ ነበር» ብሎ ጽፎለታል፤ እሱን ንገሪያት፣ እሱ አልተነካም። ቀኑን ግን ኪሩ አላገኘውም በያት። እቀልድ እንደሆነ ትጠይቅሽ ይሆናል፤ አይቀልድም በያት።

ታናሽ ወንድምሽ ኪሩ ነጋ
ጎንደር፣ ከቁስቋም በታች
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.