የሰዓዳን ላፕቶፕ ለማዳን ዝም ያልኩ ዕለት

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ

ልጄ ሰዓዳ ደሴ ከምትማርበት መጥታለች። ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚቀሰቅሰውን ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚሉትን፣ ማንም እንዲያሻሽለው በነጻ ከተለቀቀው ራሷ ባሰናዳችው ብትተካው፣ ትናንት ጭራሽ አልነሳ አለ። የመመረቂያ ሥራዋ ያለው እሱ ላይ ነው። ዛሬ ስህተቷን አግኝታ አረመችና ሆዱን ከፈተችው። የታረመውን ከተዋሰችው ኮምፒውተር በሽቦ የምታስተላልፍ ትንሽ መቆንጠጫ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበትን ቺፕ ትነክሳለች፤ ከተንሸራተተች ሁሉም ይበላሻል። በጣቴ እንድደግፋት ተሰጠችኝ።

«እማ፣ እንዳታወሪ። ስታወሪ እጅሽም አብሮ ያወራል።»

እውነቷን ነው። ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ፋጡማ ከደጅ ተጣራች። ልመልስላት ስል ሰዓዳ በዓይኗ ለመነችኝ። ፋጡማ ደጋግማ ጠራችና፣ «ወላሂ ብትታመም ነው እንጂ ይች ሴት ዝም አትልም» እያለች ስትሮጥ ሰማኋት። ሳቄን ዋጥኩ። የልጄ ትንፋሽ ጉንጬ ላይ ነበር፤ እንዲህ ተጠጋግተን ከተቀመጥን ስንት ጊዜያችን ነው።

«አለቀ፣ ልቀቂው» አለችኝ። ላፕቶፑ በራ። ሰዓዳ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ በደስታ ስታለቅስ፣ ፋጡማ የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ ገባች። ስንላቀስ አይታ፣ «ያ አላህ፣ ምን አገኘሽ?» ብላ ግንባሬን ዳበሰች። ላስረዳት አፌን ብከፍት፣ «ተይ፣ አትድከሚ» አለችኝ። አስተኝተውኝ፣ ዱዓ አድርገውልኝ ሄዱ።

ላፕቶፑስ ድኗል። ነገ ግን እኔን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እንጃ...