ወለተ ሐና ሐመልማል ስለመሆኗ

ቀን፦ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽጌ አምባ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ በክርስትና ስም የተላከ የቁስል ምርመራ ውጤት ለልጄ ሕክምና እንዲውል ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ውቢት ደርቤ፣ የዳባት ወረዳ ነዋሪ፣ የሚከተለውን በአክብሮት አመለክታለሁ።

1. ልጄ ሐመልማል ያርጋል አንጀቷ ተጠማዞ ጥር 14 ቀን በሆስፒታላችሁ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በሳምንቱ ስፌቱ መገለ። መርፌ ተጀመረላት፤ ቁስሉ ግን ባሰበት።

2. ጥር 24 ቀን ነርስ አንዱዓለም ተህዋሲውን የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እንዲመረመር መግሉን በብልቃጥ ወሰደ። ጓንት አድርጎ ስለነበር «እማማ፣ መጻፍ ይችላሉ? የታማሚዋን ስም ይጻፉበት» ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ደስ ብሎኝ «ወለተ ሐና» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩም የአልጋዋን ቁጥር ጨመርሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲታመም የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ለጸሎትም ለጠበልም የምንሰጠው እሱን ነው። ሐኪም ቤት ሌላውን ስም እንደሚፈልግ የነገረኝ የለም።

3. ውጤቱ ስሙን ብቻ ይዞ ጥር 28 ቀን ደረሰ። «በዚህ ስም የተኛች የለችም» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ስምንት ቀን ከረመ። የካቲት 6 ቀን እኔው ጠይቄ አገኘሁት። ሐኪሙ አንብቦ፣ ልጄ በየቀኑ የምትወጋው መድኃኒት ተህዋሲውን እንደማይገድለው፣ የሚገድለው ሌላ እንደሆነ ነገረኝ። ነገር ግን ስሙ የእሷ ካልሆነ ማዘዝ አልችልም አለ።

4. ነርሱ ከእሷ ቁስል መውሰዱን መስክሯል። ብልቃጡ ላይ ያለው የአልጋ ቁጥርም የእሷው ነው። መዝገብ ክፍል የቀበሌ ማስረጃ አምጪ አለኝ። ቀበሌው የክርስትና ስም አንመዘግብም አለ። የነፍስ አባታችን ቄስ ሀብተ ሚካኤል ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት እዚህ አይሠራም ተባልሁ። መግሉ እንደገና ይወሰድ ብል የመመርመሪያው ዕቃ አልቋል ተባለ። እኔ ማኅተም ፍለጋ ዳባትና ደባርቅ ስመላለስ ትኩሳቷ አልበረደም።

5. ስሕተቱ የእጄ ነው፤ አልክድም። ከታወቀ ግን አምስት ቀን አለፈው። የእነዚያን አምስት ቀናት ስሕተት የጻፍሁት እኔ አይደለሁም። ወለተ ሐና የሚለውን ስም ያለ ማስረጃ የሚቀበል ቢኖር የሙታን ጸሎቱ፣ ፍትሐት ብቻ ነው።

ስለዚህ ውጤቱ ዛሬውኑ ከልጄ ካርድ ጋር ተያይዞ መድኃኒቱ እንዲታዘዝላት ክቡርነትዎን እለምናለሁ። መልሱን በደብዳቤ አልጠብቅም፤ አልጋ ቁጥር 9 አጠገብ ነኝ፤ መርፌውን ይዞ የሚመጣ ሰው ይላኩልኝ።

ከእናት ሰላምታ ጋር
ውቢት ደርቤ
(ፊርማ)