ሰባት ደቂቃ ስለተዘጋው የእንስሳት ዕቃ ሱቅ

ለክቡር ፔር-ኦላ ቪክስትራንድ
የ«ጅራትና ጢም» የቤት እንስሳት ምግብና ቁሳቁስ መደብሮች ዋና ሥራ አስኪያጅ
ስቶክሆልም

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ሳምንት በኩባንያዎ መጽሔት ሽፋን ላይ ሁለት ቡችሎች አቅፈው አይቼዎ ፊትዎ ወዝ ያለው በመሆኑ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ቡችሎቹም ደህና ይመስላሉ። እኛ ስዊድኖች ፖስተኛውንም ሚኒስትሩንም «አንተ» እያልን የኖርን ሰዎች ሆነን ሳለ እኔ «እርስዎ» ማለቴ ግር እንዳይልዎ፤ በአገራችን ሰው በድንገት «እርስዎ» መባል የሚጀምረው ሲከበር ሳይሆን ሲቀየሙት መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

በሼቭዴ ቅርንጫፍዎ ገንዘብ ተቀባይ፣ ዕቃ ደርዳሪ፣ የዓሣ መጋቢ፣ ድመቱ የሞተችበትንም ሰው አጽናኝ ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችዎ ጉንቮር አስክሊንግ ሐሙስ ዕለት «ስለ ሥራ ውሏ መቋረጥ ለመነጋገር» እንደተጠራች ሰማሁ። ከማን እንደሰማሁ አይጠይቁኝ፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ የድመት ምግብ ለመግዛት የሚሰለፍ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይሰለፍም። እናም ምስጋናዬን ከሐሙስ በፊት ላድርስልዎ ብዬ ነው።

፩ኛ. ከጥር ወር ጀምሮ ሁለተኛዋን ሠራተኛ ቀንሰው፣ ጉንቮር ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሱቁን ብቻዋን እንድትይዝ ስላደረጉ እናመሰግናለን። መጋቢት ውስጥ በአንዱ ማክሰኞ ተፈጥሮ ስታስገድዳት በሩን ቆልፋ «ሽንት ቤት ነኝ፣ በሰባት ደቂቃ እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ለጠፈች፤ እንዳለችውም በሰባት ደቂቃ ተመለሰች። እርስዎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላኩላት፤ በሥራ ሰዓት በር ስለመቆለፏ፣ ወረቀቱም የኩባንያው ዓርማ የሌለበት ስለመሆኑ። የአካባቢ ኃላፊዎ ደግሞ ስልክ ደውላ «ጉንቮርዬ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከሥራ በፊት አስቀድሞ ማቀድ ነው እንጂ» ብላ መከረቻት። ጉንቮርም «እሺ፣ ለሰውነቴ ኢሜይል እጽፍለታለሁ» አለች፤ ይህ መልሷ «የአመለካከት ችግር» ተብሎ ከፋይሏ ጋር ተያይዟል አሉ።

፪ኛ. በሩ አይቆለፍ ብለዋልና አልቆለፈችም። ሂልዲንግ የሚባል የሰማንያ አንድ ዓመት ጡረተኛ ባቡር ነጂ አለን፤ በየቀኑ አጭር እግር ያለውን ውሻውን ይዞ ይመጣል፣ የሚገዛው ግን በሳምንት አንዴ ነው። አንድ ቀን የጉንቮርን ፊት አይቶ «ሂጂ እንጂ አንቺ፤ አርባ ዓመት ባቡር የነዳ ሰው አንድ ሱቅ ማየት ያቅተዋል? ደግሞስ የወፍ ጥሬ ማን ይዞ ይሮጣል ብለሽ ነው?» አላት። ሄደች። ሂልዲንግም በሩ አጠገብ ቆሞ ለመጣው ሁሉ «ትንሽ ይታገሱ፣ አሁን ትመጣለች» ሲል ካሜራዎ አየው። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣው በዚህ ነው፦ «የድርጅቱን ንብረት ለውጭ ሰው አሳልፎ መስጠት»። ሂልዲንግ ደብዳቤውን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ «በዚህ ዕድሜዬ ወንበዴ ሆኜ አረፍኩት!» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ሱቁ አይገባም፤ ሌላ ነገር አመጣባታለሁ ብሎ ፈርቷል። ውሻው ደጃፍ ሲደርስ እየጎተተው ያስቸግረዋል።

፫ኛ. ጊኒ ፒግ የሚባሉት ትንንሽ እንስሳት ከሚኖሩበት ሳጥን በላይ በራስዎ ፊርማ የተሰቀለውን ሰሌዳ ጉንቮርን ስጠብቅ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «አንዷን ብቻ አንሸጥም፤ ብቻዋን የምትውል ጊኒ ፒግ ትጨነቃለች፣ ትታመማለች» ይላል። እውነት ነው፣ እጅግ ሰብዓዊ ነው። ጉንቮርም ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት አንዷን ካልሸጥሽልኝ ብላ ስትጮህባት፣ ሰሌዳዎን እያሳየች፣ ብቻዋን ቆማ፣ ደንብዎን አስከብራለች። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከእንስሳት በቀር አጠገቧ የቆመ አልነበረም።

፬ኛ. በበሩ ላይ ለውሾች ዓይነ ምድር ማንሻ በነጻ ስለሚሰጡት ከረጢት እናመሰግናለን።

ክቡር ሆይ፣ የሚቀጥለውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ጉንቮር ከሁለተኛው ማስጠንቀቂያ በኋላ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ ወደ አፏ አታስጠጋም። ሚያዝያ ላይ ኩላሊቷን አመማት፤ ሐኪሙ በቀን ሁለት ሊትር ጠጪ አላት፤ እሷም እሺ ብላ ወጥታ በማግስቱ ሥራ ገባች፣ ሳትጠጣ። ስጠይቃት «ሦስተኛ ደብዳቤ ከሚመጣ ኩላሊቴ ይመመኝ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል?» አለችኝ፤ ይህን ስትለኝም እጆቿ የድመቴን ምግብ ከረጢት ውስጥ እየከተቱ ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው፤ የሐሙሱን ስብሰባ ይሰርዙ፣ ሁለቱን ደብዳቤዎችም ይቅደዱ። አንድ ሰው ጨምረው ቢልኩላትማ፣ ሱቅዎ ውስጥ ጊኒ ፒጎቹ ካላቸው መብት ግማሹን ለሰው ሰጡ ብዬ በከተማችን ጋዜጣ ላይ አመሰግንዎ ነበር።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎም ሆነ ለሽፋኑ ቡችሎች ረጅም ዕድሜና በቂ ዕረፍት እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ሲግብሪት ኖርዴል፣ ሼቭዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን አሽጌ ልልክ ስል የጉንቮር የሥራ ቦታ በድረ ገጽዎ ላይ በማስታወቂያ ወጥቶ አገኘሁት፤ የወጣው ሰኞ ነው፣ ስብሰባው ሐሙስ። «እንስሳት የሚወድ፣ ብቻውን መሥራት የሚችል» ይላል። አመልካቾች በከንቱ እንዳይደክሙ አንድ መስፈርት ቢያክሉበት ጥሩ ነው፦ የሽንት ፊኛ የሌለው ቅድሚያ ይሰጠዋል።