ካሬው ፎቶ እንዳይቆረጥ

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ክንፈሚካኤል
ጅማ

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ተሻለዎ ወይ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? እትዬ እህተ ማርያምስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ቆሜ እሄዳለሁ፣ እህል እቀምሳለሁ፣ ሰው ሲመጣ እቀበላለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍልዎትም፤ ለእርስዎ ዋሽቼ አላውቅም። በስልክ ልነግርዎ ብዬ አልወጣልኝ ስላለ ነው ብዕር ያነሳሁት። እጄ ጽሕፈት ከተወ ቆይቷልና ፊደሉ ቢጣመም ይታገሱኝ።

ደብዳቤዎ በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ደረሰኝ። ልጄ ወንዳወቅ እንዲያጥቡለት ይልክልዎ የነበሩትን ፊልሞች ሁሉ እንዳገኟቸው፣ ከእኔ ጋር የተነሳውም ከመካከላቸው እንዳለ ጽፈውልኛል። በትልቁ ላጥበው ነው፣ ረዘም ብሎ እሱ ብቻውን ይውጣ ወይስ እንደተነሳ ካሬውን ልተወው ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ለእርስዎ የሙያ ነገር ነው። እኔ ግን ይኸው ወር ሙሉ መልስ አጥቼ ተቀመጥኩ። ልጄ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው፤ እንዲህ ያስጨነቀኝ ጥያቄ የለም።

እርስዎ የሰጡትን ካሜራ፣ ያንን ደረት ላይ ተይዞ ከላይ ወደ ታች የሚታይበትን፣ ምን ያህል ይወደው እንደነበር ያውቃሉ። በአንድ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ፣ ሁሉም ጎኑና ቁመቱ እኩል። ኋላ የላኩለትን፣ ረዘም ያለ ፎቶ የሚያወጣውን፣ አንድ በጋ ሞክሮ ሲመልስልዎ ምክንያቱን ይጻፍልዎ አይጻፍልዎ አላውቅም። ለእኔ እንዲህ አለኝ፦ «እማዬ፣ በዚያኛው ካሜራውን ላቁመው ወይስ ላጋድመው እያልኩ ስወስን የሰውየው ፊት ይለወጥብኛል። ይኼኛው ሰውን ከነቦታው ይቀበለዋል።»

ለእኔ አልገባኝም ነበር። ደንበኞቹም አልገባቸውም። በቡሬ ገጠር ያነሳቸው አንድ ሽማግሌ እኛ ቤት መጥተው ፎቷቸውን ተቀብለው አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ እርሻ ምን ላድርገው? እርሻውንማ በየቀኑ አየዋለሁ፤ የማላየው ራሴን ነው» አሉት። ያለነው ሁሉ ሳቅን። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁና፣ እውነታቸውን ነው፣ ግማሹ አጥር ግማሹ ሣር፣ ቁረጥላቸው አልኩት። ቆረጠላቸው። «አንቺስ ልብስ ሰፊ ነው መሆን የነበረብሽ» አለኝ እየሳቀ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሲሰጥ ይቆርጣል፣ ለራሱ ግን ሙሉውን ያስቀራል። ምን አለ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ በጠየቅሁት ኖሮ እላለሁ አሁን።

ያ የእኛ ፎቶ የተነሳው ባለፈው ዓመት መስከረም፣ ጓሯችን ካለው ዋንዛ ሥር ነው። እኔ ዱካ ላይ ተቀምጫለሁ። ካሜራውን በተደፋ ሙቀጫ ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ነካና እየሮጠ መጥቶ ከጎኔ ቆመ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። መሃል ግባ እንጂ ዳር ላይ ምን ትሠራለህ ስለው፣ መሃሉ የዛፉ ነው፣ እኛ ግራና ቀኝ አለኝ።

ሲያርፍ በቤቱ ከዚያ በቀር የእሱ ፎቶ አልተገኘም። የአገሩን ሰው ሁሉ ያነሳ ልጅ የራሱ የለውም። ለለቅሶው ፎቶው ይያዝ ተባለ። መንገድ ተዘግቶ እርስዎ አልደረሱልኝም፣ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ጎረቤቴ ወለተ ሐና ወደ ጓዳ ጠራችኝና፣ ሕያውና ሙት በአንድ ፎቶ ላይ ሆነው አይለቀስም፣ አስከትሎ ይወስድሻል፣ በአንቺ በኩል ያለውን ቁረጪው አለችኝ። ማህዲ ሱቅ ያለው ፍሬምም ሁሉ ረጃጅም ሆነ። «እትዬ፣ ካሬ አይመጣልንም። ፍሬሙን ማስፋት አልችልም፣ ፎቶውን ነው ማጥበብ» አለኝ እሱም አንገቱን ደፍቶ። ቆረጥኩት፣ በገዛ መቀሴ።

እጁ ግን እኔ ትከሻ ላይ ነበረች። ከእኔ ጋር አብራ ተቆረጠች። ወለተ ሐና እንዲህ ያለ ነገር ቤት አያድርም ስላለችኝ ቁራጩን ከነእጁ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አሁን ልጄ ግድግዳው ላይ ክንዱን ዘርግቶ ይታያል፣ ክንዱ ፍሬሙ ጠርዝ ላይ ያልቃል። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ማንን አቅፎ ነው ይሉኛል።

በወለተ ሐናም በፍሬሙም ማሳበብ እችል ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለእርስዎ ልንገርዎ። ፈርቼ ነው፣ ጋሼ። የልጄ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ እኔ ለራሴ ነፍስ ፈራሁ። አፌ በአንተ ፋንታ እኔን በወሰደኝ እያለ ሲያለቅስ፣ እጄ እኔን ከእሱ ይለይ ነበር።

እንግዲህ መልሴ ይኼ ነው። እንደተነሳ፣ ካሬውን አጥበው ይላኩልኝ። ከእሱም ከእኔም፣ ከአጥሩም ከሣሩም ምንም አይቀንሱበት። ወለተ ሐና ትናገረኝ ይሆናል፤ ትናገር፣ ክፋት የላትም። አናጢው ሀይሉ ፍሬሙን ሊሠራልኝ ቃል ገብቶ ልኩን አምጪ ብሎኛል። ቁጥር ጽፈው ቢልኩልኝ እሳሳታለሁና በክር ለክተው ደብዳቤው ውስጥ ያድርጉልኝ። አንድ ክር ይበቃል፣ አራቱም ጎን እኩል ነው።

እትዬ እህተ ማርያምን ጉልበትዎን ስማለች ብለው ሰላም ይበሉልኝ። አደይን ለፈተናዋ እግዚአብሔር ይርዳሽ ብላለች አክስትሽ ይበሉልኝ። ትንሹን ልጅ ክንዱን በሁለቱም ጉንጩ ይሳሙልኝ። ለእርስዎም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ከእንግዲህ ታላቅ ሆኖ የሚቆጣኝ ሌላ የለኝም።

ታናሽ እህትዎ
አምለሰት
ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.