የግድግዳው ዳር

ጥር 9 ቀን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዚያች ለተከራካሪዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። አገር ምድሩ ሳያስበው የሚለውን ይህን ቃል አንቺና እኔ ሆን ብለን ስንዘለው ኖረናል። ዛሬ ግን አስቤበት ነው የጻፍኩት፤ መነጽርሽን አትወልውዪ።

ባለፈው በስልክ «እሁድ እሁድ ጠዋት የት ነው የምትጠፋው? ሴት ይዘህ ከሆነ ንገረኝ፣ አልቀየምም» ብለሽ ስትቆጪኝ፣ ባትሪው አልቆ ነው አልኩሽ። ባትሪው ደህና ነበር። ሴት ቢሆን ኖሮማ ለመንገር ይቀለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናትሽ ቤተ ክርስቲያን ወንበሮች ሲጥ ሲጥ እያሉ ሰው አስቸገሩና አናጢ ተፈለገ። ሥራ ሥራ ነው ብዬ ሄድኩ። ባዶ ወንበር ግን አይጮህም፤ ሰው ሲቀመጥበትና ሲነሳበት ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ እሁድ ከሰው ጋር ገብቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ የትኛው መጋጠሚያ እንደላላ ማዳመጥ ያዝኩ። ያዩኝ ሁሉ ጸሎተኛ መሰልኳቸው። ሳቄን በስንት መከራ ዋጥኩት። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ሁለታችንም ተባረን ነበር።

ጆሮ ደግሞ የከፈቱለትን ብቻ መርጦ አይሰማም። አንድ ቀን ሰባኪው ልጁ ስለታመመበት አንድ አባት ተናገረ። ሰውየው ኢየሱስ ፊት ቆሞ ማመኑንም አለማመኑንም ባንድ ትንፋሽ አወጣው፤ ኢየሱስም መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጨርሰህ ና አላለውም። እኔ ማመን የሚፈቀደው ጠይቆ ለጨረሰ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቤት ስገባ ልነግርሽ ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ቤቱ ጭር አለብኝ።

ከዚያ የእናትሽ ወንበር ተራ ደረሰ። ከጎኗ ይቀመጡ የነበሩት ጡረተኛ ነርስ አሳዩኝ። የእናትሽ ቦታ ቫርኒሹ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። በግድግዳው በኩል ያለው ዳር ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል።

«እዚህ ዳር ሰው አይቀመጥም እንዴ?» አልኳቸው።

«እሷ መቼ አስቀምጣ! ሰው ሲመጣ ‹በዚያ በኩል እለፉ፣ ይሄ የባለቤቴ ነው፣ ይመጣል› ነው የምትለው። እኛማ ሰውየው ከባሕር የማይመለስ መርከበኛ ይመስለን ነበር።»

ሁሉም ሲወጡ እዚያ ዳር ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ግን በቫርኒሽ አመነ እንዳትይኝ፤ ቫርኒሽ ሥራዬ ነው፣ የሚያሳየውም የእናትሽን ፍቅር ብቻ ነው። ልቅሶው ሲወጣልኝ «አለህ?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ድምፅ አልመለሰልኝም። «ታዲያ ከግድግዳ ጋር ነዋ ያወራኸው» እንደምትይ አውቃለሁ። ልጄ፣ እናትሽ ከሞተች ወዲህ እኮ ከግድግዳ ጋር ስኖር የከረምኩ ሰው ነኝ። ጢሜን ስላጭ አወራዋለሁ፣ ምሳዬን ብቻዬን እየበላሁ አወራዋለሁ። ግድግዳ እንዴት ዝም እንደሚል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የዚያን ቀኑ ዝምታ ሌላ ነበር። የሚሰማ ሰው ዝም የሚለውን ዓይነት ነበር። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ለክርክር አይበቃም፣ ለእኔ ግን በቃኝ።

ወንበሮቹን ጠግኜ ከጨረስኩ ቆየሁ። አሁን መዶሻም ካቻቢቴም ሳልይዝ ነው የምሄደው። የቤቱ ጌታም አናጢ ነበር፤ የሙያ ባልደረባ ነን እያልኩ እጽናናለሁ።

የፈራሁት አንቺን ነው። እናትሽ ወጥታ ስትሄድ እኛ ፒጃማችንን ሳናወልቅ፣ ጋዜጣ እየተሻማን የምንከራከርበት የእሁድ ጠዋት የሁለታችን ነበር። ከራቅሽም በኋላ በዚያው ሰዓት መደወልሽን አልተውሽም። ከዳኸኝ ብትይ አልፈርድብሽም። እናትሽን አጥቼ አንቺን ደግሞ ባጣ ምን እንደምሆን አላውቅም። ጥርጣሬውም ቢሆን ጨርሶ አልለቀቀኝም፣ እስከ በሩ ይሸኘኛል። ስለዚህ የምትከራከሪውን ሰው አላጣሽም። ቅዳሜ ደውይ። ማክሰኞም ደውይ። አላግጪብኝ፣ ተቆጪኝ፣ ብቻ ደውይ።

እንድታምኚ አልለምንሽም፤ እናትሽም እኔን አንድ ቀን ለምናኝ አታውቅም። ብቻ ለማሳወቅ ያህል፣ አሁን የምቀመጠው በእሷ ቦታ ላይ ነው። ሰው ሲመጣ በዚያ በኩል እለፉ እላለሁ።

እግዚአብሔር በወጣሽ በገባሽበት አይለይሽ፣ ቤትሽን ያሙቅልሽ።

የሚወድሽ አባትሽ፣
አናጢው