ከሩቅ እጅ ይነሱ የነበሩት የፈረስ ሐኪም፣ ዶክተር ልሳነወርቅ ክፍሉ

ዶክተር ልሳነወርቅ ክፍሉ ከአባታቸው ከአቶ ክፍሉ እንግዳወርቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋዓለም ብሥራት ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በደብረ ዘይት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ባለጋሪ ነበሩ። ልሳነወርቅ በልጅነታቸው የከተማውን የጋሪ ፈረሶች ሁሉ በስም ለይተው ያውቁ ነበር፤ የአክስቶቻቸውን ልጆች ስም ግን እስከ መጨረሻው እንዳምታቱ ነው ያለፉት። በሌላ ሰው ስም የተጠሩት ዛሬ እዚህ ስላሉ ምስክር ናቸው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ አጠናቀው በ1972 ዓ.ም. የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ገቡ። በ1978 ዓ.ም. ተመርቀው እንጅባራ ተመደቡ። ፈረስ እንደ ቤተሰብ በሚቆጠርበት በዚያ አገር አሥራ ሦስት ዓመት አከሙ። በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ታደለች ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ልጃቸውን ዮዲን አፈሩ።

ከዚህ ወዲህ ያለው ዘመን በኖሩበት አገር አቆጣጠር ነው። በ1999 ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ወደ አሜሪካ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀመጡ። የሐኪምነት ፈቃዳቸው እዚህ ስላልሠራላቸው፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም የሙከራ እንስሳትን ኬጅ በማጠብ ጀመሩ። አላፈሩበትም። ከሥራው ጎን ለጎን እየተማሩ በ2004 የላብራቶሪ ተመራማሪ ሆኑ። በዚያው ዓመት እናታቸው መጥተው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድርያ ከዶክተር ልሳነወርቅ ታናሽ እኅት ከአፀደ ጋር መኖር ጀመሩ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እርሷ ናት።

የሚመራመሩት ሄንድራ በተባለው ቫይረስ ላይ ነበር። ፍሬ ከሚበሉ ትልልቅ የሌሊት ወፎች ወደ ፈረስ፣ ከፈረስ ወደ ሰው የሚሻገር፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተገኘ ገዳይ በሽታ ነው። ከያዛቸው ጥቂት ሰዎች ከግማሽ በላይ ሞተዋል፤ ከሟቾቹም መካከል የፈረስ ሐኪሞች ይገኙበታል። የእነርሱን ዜና ባነበቡ ቁጥር፣ የወንድም መርዶ የሰሙ ያህል ያዝኑ ነበር።

ሥራውን ከያዙ ጀምሮ ሰው መሳም ተዉ። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም ብለው ባልደረቦቻቸው ቢነግሯቸውም፣ “የመጀመሪያዋ እናቴ ብትሆንስ?” ብለው ይመልሱ ነበር። እናታቸው ዘንድ ሲመጡ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ይነሣሉ፤ ከዚያም ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ዮዲ ሕፃን ስለነበረች ቶሎ ለመደችው። “ኢትስ ኦኬ ዳዲ፣ ኤር ሀግ እናድርግ” ትላቸውና እጇን ዘርግታ ከሩቅ ታቅፋቸው ነበር። ወይዘሮ ሸዋዓለም ግን አልለመዱትም። “ምን ብበድለው ነው ይሄ ልጅ የተጸየፈኝ?” እያሉ ለአፀደ ያለቅሱ ነበር።

በኦክቶበር 2009 በሥራ ላይ ሳሉ መርፌ ጓንታቸውን በስቶ ጣታቸውን ወጋቸው። ሃያ አንድ ቀን ከሰው ርቀው፣ ሙቀታቸውን ጧትና ማታ እየለኩ እንዲቆዩ ተነገራቸው። ቤተሰብ እንዳይደነግጥ ብለው፣ ለባለቤታቸው እንኳ ሳይናገሩ፣ ለስብሰባ አውስትራሊያ እሄዳለሁ አሉና እዚያው ሜሪላንድ፣ ጀርመንታውን በተባለ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተው ገቡ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ወይዘሮ ሸዋዓለም በድንገት ዐረፉ። ሽማግሌዎች አፀደ ቤት ተሰብስበው መከሩ። ሰው አገር ብቻውን ላለ ልጅ የእናቱ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሲመለስ በማለዳ ቤቱ ሄደን፣ ከበን እናረዳዋለን ተባለ። አፀደም ተስማማች። በየቀኑ እየደወሉ “እማዬን አገናኚኝ” ሲሏት፣ “አሁን ጋደም ብላለች” ትላቸው ነበር። እናታቸው አሌክሳንድርያ ሲቀበሩ፣ ልጃቸው በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ቴርሞሜትር ይዘው ተቀምጠው ነበር። እርሳቸውም እኛን እንዳናዝን ዋሹን፤ እኛም እንዳያዝኑ ዋሸናቸው።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ደማቸው ንጹሕ መሆኑ ተነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ለቅዳሜ ማለዳ ሲዘጋጁ፣ እርሳቸው ሐሙስ ጧት በቀጥታ አሌክሳንድርያ መጡ። በሩን የከፈተችላቸውን እኅታቸውን ከአምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አቅፈው ሳሙ። “ያን ሥራ ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ፤ ከእንግዲህ ወረቀት ላይ ነኝ። ዛሬ እማዬን ጠግቤ ነው የምስማት” አሏት። ጥቁር መልበሷን ያዩት ከዚህ በኋላ ነው። የሚደግፋቸው ሽማግሌ አጠገባቸው ሳይኖር፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

አፀደን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሷትም። ቢወቅሷት ይቀልላት ነበር።

በተለያዩ አገሮች ያሉ ብዙ ተመራማሪዎች የደከሙበት የፈረስ ክትባት በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል፣ ዶክተር ልሳነወርቅ ዜናውን ሰምተው አለቀሱ። ወይዘሮ ታደለች ምን ሆኑ ብለው ቢጠይቋቸው፣ “ፈረሱን ካልያዘው ሐኪሙም እናቱን ይስማል” አሉ። ድካማቸውን ከዚህ በላይ ሲያወሩ የሰማ የለም።

በ2015 የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። የምርመራውን ውጤት በሰሙበት ዕለት ሁላችንንም ጠርተው “መደባበቅ ይብቃን” ብለው ራሳቸው ነገሩን። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማርች 3 ቀን 2016 በተወለዱ በ57 ዓመታቸው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ አሌክሳንድርያ በእናታቸው መቃብር አጠገብ ይፈጸማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታደለች፣ ልጃቸው ዮዲ እና እኅታቸው አፀደ ከብዙ ወዳጅ ዘመድ ጋር በኀዘን ይሰናበቷቸዋል።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከእናታቸው ጋር በአንድ ደጃፍ ያግባልን፤ በዚያም የሚፈሩት ሳይኖር ቀርበው ይሳሟቸው።

በመጨረሻው ሳምንት፣ ይህ ጽሑፍ ሲነበብ እንዲነገርላቸው ያዘዙት ቃል ይህ ነው፦ “ሕመሜ የሚተላለፍ አይደለም። ከሩቅ አትሰናበቱኝ።” ስለዚህ ሳጥኑ ሳይዘጋ ሁላችሁም ቅረቡና ሳሟቸው። አፀደ ትጀምራለች።